ዘገየን ማን ቀበረው?

አንድ ደራሲ ነበር፤ ስሙ ይቅርብን። ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ጦርነትን ሲጽፍ እንደ ሠርግ ያደምቀዋል። መድፉ ሲያጓራ፣ ጀግናው ምሽግ ሲሰብር፣ አንባቢው ምሳውን ይረሳል። «ወንድ የሚለየው ጦር ሜዳ ነው» ይል ነበር። እሱ ግን ጦር ሜዳ ረግጦ አያውቅም።

አንዱ መጽሐፉ እሑድ እሑድ በሬዲዮ ይተረክ ጀመር። መሐል ላይ አንዲት መስመር አለች፤ «የሉማሜው ልጅ ዘገየ ኮረብታው ላይ ወደቀ፤ ጓዶቹም እየዘመሩ አለፉ።» በቃ። የዘገየ ስም ከዚያ በፊት አልተነሳ፣ ከዚያ በኋላም አይነሳ። ደራሲው ስም አስፈልጎት እንዲሁ ያስገባው ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ስልክ ተደወለለት። ከሉማሜ አንድ መምህር ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እማማ ትርንጎ የሚባሉ እናት እርስዎ በጻፉት ለቅሶ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ዘገየ ዘምቶ ከቀረ አስራ ሰባት ዓመቱ ነው። ድንኳን ተጥሏል።»

ደራሲው ክው አለ። በነጋታው አውቶቡስ ተሳፈረ። እውነቱን ቢናገር ለቅሷቸውን ሊቀማቸው ነው። ዝም ቢል፣ ምናልባት በሕይወት ያለ ልጅ ገድሎ መመለሱ ነው። እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

እማማ ትርንጎ ጥቁር ለብሰው፣ የልጃቸውን ኮት ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እግራቸው ሥር ተንበረከከ።

«እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልብ ወለድ ነው፤ ልጅዎን አላውቀውም።»

ቀና ብለው አዩት። «አውቃለሁ፣ ልጄ። ልብ ወለድ መሆኑ የጠፋኝ መሰለህ?»

«ታዲያ ለምን...?»

«መርዶ ሳይነገር አይለቀስማ! አስራ ሰባት ዓመት የሚያረዳኝ አጣሁ። የጎረቤቱ ሁሉ ልቡ ያውቃል፣ አፉ ይፈራል። ጥቁር ልልበስ ስል አታሟርቺ ይሉኛል። ተዝካር ላውጣ ስል፣ ሞቱ ሳይታወቅ? ይሉኛል። ሬዲዮኑ ስሙን ሲጠራው፣ ይኸው ተረዳሁ ብዬ ሰው ጠራሁ። አገር አለቀሰልኝ። በሕይወት ካለም ይምጣና ለቅሶዬን ያፍርስብኝ፤ እልል እላለሁ!»

ከዚያ እጁን ያዙት። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ከወደቀ በኋላ ማን ቀበረው?»

ደራሲው በሰባት መጽሐፍ ስንቱን ጥሏል! አንድም አልቀበረም። አንድም!

«ጓዶቹ እየዘመሩ ይለፉ፣ ግድ የለም፤ ልጆች ናቸው። ግን አንዱ ይቅርለት። አፈር ያልብሰው።»

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ጫማዬን ማውለቅ ያምረኛል። እኒህ እናት ልጄን መልስልኝ አላሉም። ቅበርልኝ ነው ያሉት።

ደራሲው ከመምህሩ ወረቀት ለምኖ እዚያው ድንኳን ውስጥ ጻፈ። አንድ ወታደር ከሰልፉ ወጥቶ ቀረ። መቆፈሪያ የለውም፤ በሳንጃው ቆፈረ። የራሱን ፎጣ ፈትቶ የዘገየን ፊት ሸፈነ። አፈሩን እየመለሰ፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ ብቻህን አይደለህም» አለው።

ይህንን ለለቀስተኛው አነበበው። ምን ሆነ መሰላችሁ? ድንኳን ሙሉ ሰው፣ ማንም ተነሱ ሳይል፣ ብድግ አለ። አስከሬን ሲያልፍ እንደምንነሳው! እማማ ትርንጎም ኮቱን አጥፈው፣ ከጭናቸው አነሱት።

ከዚያ ወዲህም ደራሲው ጦርነት ይጽፋል። ብዕሩ ግን እንደ ድሮው አይሮጥም። ሰው በወደቀ ቁጥር ይቆማል፤ ስሙን፣ እናቱን ይጠይቃል፤ ጠላት የተባለውንም ጭምር። አንባቢዎቹ «ቀዘቀዘ» አሉት። ይበሉ!

እናንተስ? «በውጊያው አርባ ሰው ሞተ» ሲባል ጉርሻችሁን አቁማችሁ ታውቃላችሁ? «የሞቱት ከእነዚያ ወገን ናቸው» ሲሏችሁ እፎይ አላላችሁም? እኔ ብያለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ዛሬ ጠዋትም ዜና ነበር። ሰምታችኋል፤ እኔም ሰምቻለሁ። ቁጥሩን ነግረውን ወደ አየር ትንበያው አለፉ። እኛም አብረን አለፍን። ስማቸውን አናውቅም፤ እግዚአብሔር ግን ያውቃል፣ እናቶቻቸውም ያውቃሉ።

እስቲ ብድግ እንበልላቸው።