የፊላ ሜዳ ቦይ እንዴት ተዘጋ

ሥራ ያላችሁ ሥራችሁን፣ ሥራ የሌላችሁ ጆሯችሁን ይዛችሁ ጠጋ በሉ።

ፊላ ሜዳ የሚባል ረግረግ ነበረ። ከላይ ፊላና ደንገል ያበቅላል፣ ከታች ደግሞ አንዲት ምንጭ ያፈልቃል። ከዚያች ምንጭ አሥራ አንድ ቤት ይጠጣል፤ አንዱ የወይዘሮ አንጓች ቤት ነው። ረግረጉ ማንም ሳይጠብቀው ስንት ዘመን ደህና ኖረ። በኋላ ይጠበቅ ተባለና መከራው ጀመረ።

ለጥበቃው ኮሚቴ ተቋቋመለት። ስሙ «የፊላ ሜዳ ረግረግ የሳይንስ፣ የፖሊሲና የአስተዳደር ቅንጅት ኮሚቴ» ነው፤ አንድ ታፔላ አልበቃውምና በሁለት ታፔላ ተጻፈ። ኮሚቴው በመጀመሪያው ዓመት የረግረግ ቀንን እዚያው ረግረጉ ላይ አከበረ። የእንግዶቹን ጫማ ጭቃ እንዳይነካው ተብሎ ከበዓሉ በፊት ረዥም ቦይ ተቆፈረና ውሃው ወደ ወንዝ ተለቀቀ። እንግዶቹ ደረቅ መሬት ላይ ቆመው ስለ እርጥብ መሬት ጥቅም ተናገሩ። ተጨበጨበ፣ ድንኳኑ ተነቀለ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ። ቦዩ ቀረ።

ረግረጉ ሲደርቅ ምንጯም ቀጠነች። አንጓች አንዲት ጀሪካን ለመሙላት ከማለዳ እስከ ቀትር በጣሳ ስትጨልፍ ትውል ጀመር። ሦስት ቤተሰብ የቤቱን ማገር ሳይቀር ነቅሎ ወደ ዘመዱ ተሰደደ። አንጓች ግን የምትጠጋበት ዘመድ የላትም፤ ምንጯ ከነጠፈች አለቀላት። የምትፈልገው ነገር ትንሽ ነው፦ ከቦዩ ዳር የተከመረው አፈር ወደ ቦዩ ይመለስ። ራሷ ልትመልሰው አካፋ ይዛ ብትሄድ የረግረጉ ዘበኛ አያ ስንሻው አካፋዋን ቀማት።

«በሞቴ አያ ስንሻው፣ ቦዩን ዝጋልኝ» አለችው።

«እቴ አንጓች፣ ይኼ እኮ የኮሚቴ ቦይ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ካላዘዘኝ እንኳን ቦይ የአይጥ ጉድጓድም አልዘጋ።»

አንጓች ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ሄደች። «ሊቀመንበር፣ ዘበኛውን ይዘዙልኝ። ዘበኛው ቦዩን አልዘጋም አለኝ፣ ምንጬም እየነጠፈ ነው።»

ሊቀመንበሩ ስብሰባ ሊገባ ነበር፤ እሱ ሁልጊዜ ስብሰባ ሊገባ ነው። «መሬት የግብርና ነው» አለ። «ግብርና ካልጻፈልኝ አላዝም። ነገ ማን አዘዘህ ብባል ምን እላለሁ?»

አንጓች ነጠላዋን አጣፍታ ወረዳ ወረደች፣ ግብርና ጽሕፈት ቤት ገባች። «ጌቶቼ፣ ለሊቀመንበሩ ጻፉልኝ። ሊቀመንበሩ ዘበኛውን አላዝም አለኝ፣ ዘበኛው ቦዩን አልዘጋም አለኝ፣ ምንጬም እየነጠፈ ነው።»

የግብርናው ኃላፊ ደስ አለው። «ደረቀ ነው የሚሉኝ? እሰይ! በቆሎ ይወጣዋል።» ፊቷን ሲያይ ግን ደስታውን ቀነስ አደረገ። «ለማንኛውም ውሃ የውሃ ጽሕፈት ቤት ነው እናቴ። ውሃ ካልፈረመበት እኛ አንጽፍም።»

አንጓች ወደ ውሃ ጽሕፈት ቤት ተሻገረች። የግቢው ቧንቧ ላይ «ውሃ የለም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አንብቦ የነገራት የበሩ ጥበቃ ነው፤ እሷም እንደ መልካም ምልክት አልቆጠረችውም። ቢሆንም ገባች። «ጌታዬ፣ ለግብርና ይፈርሙልኝ። ግብርና ለሊቀመንበሩ አልጽፍም አለኝ፣ ሊቀመንበሩ ዘበኛውን አላዝም አለኝ፣ ዘበኛው ቦዩን አልዘጋም አለኝ፣ ምንጬም እየነጠፈ ነው።»

«እኛ የምናስተዳድረው በቧንቧ የሚሄደውን ውሃ ነው» አሉ የውሃው ኃላፊ መነጽራቸውን እየጠረጉ። «ጭቃ ውስጥ የሚተኛው የአካባቢ ጥበቃ ነው። አካባቢ ጥበቃ ማኅተም ካልመታበት አልፈርምም።»

«ምንጬስ? እሱ የማን ነው?»

«ከመሬት ሲወጣ ነው የሚለየው» አሉ ኃላፊው።

አካባቢ ጥበቃ ዘንድ የጠበቃት ደግሞ ፈገግታ ነው። ኃላፊዋ ተነስታ ጨበጠቻት፣ ወንበር ሳበችላት፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የወፍ ሥዕል አሳየቻት። አንጓችን በሰው ወግ የተቀበለቻት ይህች የመጀመሪያዋ ስለሆነች እንባዋ ሊመጣ ምንም አልቀረው። «የኔ እመቤት» አለች፣ «ለውሃ ማኅተም ምቺልኝ። ውሃ ለግብርና አልፈርምም አለኝ፣ ግብርና ለሊቀመንበሩ አልጽፍም አለኝ፣ ሊቀመንበሩ ዘበኛውን አላዝም አለኝ፣ ዘበኛው ቦዩን አልዘጋም አለኝ፣ ምንጬም እየነጠፈ ነው።»

«እማማ፣ ልቤ ከእርስዎ ጋር ነው» አለች ኃላፊዋ። «ፖሊሲያችንም ግልጽ ነው፤ ረግረግ ሁሉ ይጠበቃል። ፊላ ሜዳ ረግረግ መሆኑን ግን ተመራማሪው ማረጋገጥ አለበት። ሳያረጋግጥ ማኅተም አልመታም።»

«ልጄ፣ የረግረግ ቀንን ያከበራችሁት የት ነበር?»

«እሱ በዓል ነው እማማ፤ ይኼ መረጃ ነው።»

ተመራማሪው ዶክተር ሱራፌል የተገኘው እዚያው ፊላ ሜዳ ላይ ነው። ቀይና ነጭ የተቀባ መለኪያ ዘንጉን ጉድጓድ ውስጥ ተክሎ፣ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ፀሐይ አናቱን እየጠበሰው ተቀምጧል። አንጓች ጀሪካኗን በጀርባዋ እንዳዘለች ከምንጯ መምጣቷ ነው፤ ውስጡ ያለው የዚያን ቀንና የማግሥቱ መጠጧ ነው። «ዶክተር፣ ለአካባቢ ጥበቃ ያረጋግጡልኝ» አለች። «አካባቢ ጥበቃ ለውሃ ማኅተም አልመታም አለኝ፣ ውሃ ለግብርና አልፈርምም አለኝ፣ ግብርና ለሊቀመንበሩ አልጽፍም አለኝ፣ ሊቀመንበሩ ዘበኛውን አላዝም አለኝ፣ ዘበኛው ቦዩን አልዘጋም አለኝ፣ ምንጬም እየነጠፈ ነው።»

ዶክተሩ እንደ ሌሎቹ አልነበረም፤ አፍሮ ነበር። «ረግረግ እንደሆነማ አውቃለሁ» አለ። «ግን እማማ፣ ቅጹ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ ዘንጉ ሥር የቆመ ውሃ አለ ወይስ የለም? የለም። የለም ብዬ ደግሞ ረግረግ ነው ብል ማን ያምነኛል?»

አንጓች አሁን የቀራት ውሃው ብቻ ነው። ወደ ቦዩ ዞራ፣ የምትንጠባጠበውን ጠብታ አየችና ጮኸች። «አንተ ውሃ፣ ለዶክተሩ ቁምልኝ! ዶክተሩ ለአካባቢ ጥበቃ አላረጋግጥም አለኝ፣ አካባቢ ጥበቃ ለውሃ ማኅተም አልመታም አለኝ፣ ውሃ ለግብርና አልፈርምም አለኝ፣ ግብርና ለሊቀመንበሩ አልጽፍም አለኝ፣ ሊቀመንበሩ ዘበኛውን አላዝም አለኝ፣ ዘበኛው ቦዩን አልዘጋም አለኝ፣ ምንጬም እየነጠፈ ነው!»

ውሃውም «በምን ልቁም?» አላት። «መጀመሪያ ቦዩን ዝጉልኝ።»

በመንግሥት ደሞዝ የማይተዳደረው ውሃ እንኳ እንደ ቢሮ መለሰላት። አንጓች እዚያው መሬት ላይ ዘጭ አለች። ተናደደች፣ ደከማት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፈራች፤ አራተኛዋ ተሰዳጅ እሷ ልትሆን ነው። ወዴት እንደምትሰደድ ግን አታውቅም። ጀሪካኗን ከጀርባዋ ፈታች፣ ክዳኑን ከፈተች፣ ዘንጉ የተተከለበት ጉድጓድ ውስጥ አንዲት ጠብታ ሳታስቀር ገለበጠችው።

«እማማ! ምን ማድረግዎ ነው?»

«ውሃ አለ ወይስ የለም?»

«አለ፤ ግን እርስዎ ነዎት ያመጡት!»

«ማን አመጣው ብሎ ይጠይቃል ቅጹ?»

ዶክተሩ ቅጹን ገለበጠው፣ ከላይ እስከ ታች አነበበው። አይጠይቅም። ከዚያ ጉድጓዱን አየ፣ ሰዓቱንም አየ። አሥር ደቂቃ ሆነ፣ ሃያ ሆነ፣ ውሃው ከዘንጉ ምልክት ንቅንቅ አላለም። ሌላ ሜዳ ቢሆን ወዲያው ይጠጣው ነበር፤ የፊላ ሜዳ ጭቃ ግን ያገኘውን አጥብቆ ያዘ። «እዩት!» ብሎ ዘለለ ሱራፌል፣ ማዕረጉን ረስቶ። «ይይዛል! ውሃ የሚይዝ መሬት ነው! ረግረግ ማለት እኮ ይኼ ነው!» በትልቁ «አለ» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም ውሃው ከየት እንደመጣና ጭቃው እንዴት እንደያዘው ሳይደብቅ አሰፈረ። ታች ያለውን ግን ማንም አላነበበውም።

ከዚያ በኋላማ ምን ይጠየቃል! ዶክተሩ ለአካባቢ ጥበቃ አረጋገጠ፣ አካባቢ ጥበቃ ለውሃ ማኅተም መታ፣ ውሃ ለግብርና ፈረመ፣ ግብርና ለሊቀመንበሩ ጻፈ፣ ሊቀመንበሩ ዘበኛውን አዘዘ፣ ዘበኛው ቦዩን ዘጋ። ዘበኛው ሦስት ጎረቤት ይዞ ቁርስና ምሳ መሐል ነው የጨረሰው። የትእዛዙ ደብዳቤ ግልባጭ የሚደርሳቸውን መሥሪያ ቤቶች ዝርዝር አንብቦ ለመጨረስ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ወስዶበታል።

ኮሚቴውም ዝም አላለም። የቦዩን መዘጋት ምክንያት በማድረግ መሥሪያ ቤቶቹ ስለ ቅንጅታቸው አንዱ ለሌላው የምስጋና ወረቀት ሰጠ፤ ወረቀቱ ላይ የአንጓች ስም የለም። እሷ በዚያው ሰዓት ጣሳዋን ይዛ ምንጯ አጠገብ ቁጭ ብላለች። በመጀመሪያው ቀን ምንም ለውጥ የለም። በሁለተኛውም የለም። እሷም እየሄደች እየተመለሰች ጠበቀች፤ ከጎረቤት የተበደረቻት አንድ ኩባያ ውሃ ለሁለት ቀን አልበቃቻትም፤ ከዚያ በኋላ ያላት በጣሳ የምትጨልፈው ጉንጭ ጉንጭ ውሃ ብቻ ነው። በሰባተኛው ቀን ማለዳ፣ ከምንጯ ድንጋይ ሥር ውሃው እንደ ድሮው ወፍራም ሆኖ ኩልል ሲል ደረሰች። ጣሳውን ጣለችው። በሆዷ ተኛችና በአፏ ጠጣች፣ ጠጥታም አለቀሰች፣ እያለቀሰችም ጠጣች።

ጎረቤቷ ጀሪካን ይዛ ስትመጣ እንዲያ ሆና አገኘቻት። «ውይ አንጓች፣ ምን ሆንሽብኝ?»

«ምንም» አለች አንጓች አገጯን እየጠረገች። «ጠምቶኝ ነበር።»

እኔ ጨረስኩ፤ እናንተ ደግሞ ለሚመለከተው አስተላልፉ።