የድንጋይ ፈላጩ ጉንጭ

አንድ ሰው ነበረ፣ እኅቴ፤ ድንጋይ ፈላጭ። ጥያቄሽን በእሱ ልመልስልሽ። «ባሌን ስቀብር አላለቀስኩም፤ ዓመቱን ሙሉ እንደ ግንድ ደርቄ ኖርኩ። አሁን ግን ልቤን ያነድደኛል። እየባሰብኝ ነው ወይ?» ብለሽኛልና።

ይህ ሰው በሚካኤል ዕለት፣ ሰው ሁሉ በዓል ሲያከብር፣ ብቻውን ወደ ድንጋይ ካባው ወረደ። ከላይ የተፈነቀለ ድንጋይ የጉንጩን አጥንት ሰበረው። ሐኪም ቤት አጥንቱን በብረት አጋጥመው ጠገኑለት። ቁስሉ ዳነ። ግን ከዓይኑ ሥር እስከ ላይኛው ከንፈሩ ደነዘዘ፤ የራሱ ፊት አልመስል አለው። ሐኪሙ «ነርቭህ ተጨፍልቋል እንጂ አልተበጠሰም። ጊዜ ይፈልጋል፤ እየመጣህ ታይ» አለው። እሱ ግን ይህን እንደ መሸኛ ቆጠረው፤ አልተመለሰም።

ማዕድ ላይ ወጡ ከንፈሩ ላይ ሲቀር አያውቀውም። ሲስቅም አንዱ ወገን ብቻ ነው የሚነሣው። አንድ የሥራ ባልደረባው «አንተ ሰውዬ፣ ግማሹን ሳቅ ለማን አስቀመጥከው?» አለው። ሁሉም ሳቁ፤ ክፋት አልነበራቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ምሳውን ከድንጋይ ክምር ጀርባ ብቻውን ይበላ ጀመር።

አንድ እሑድ መስቀል ሊሳለም ቀረበ። ቄሱ ግንባሩን አስነክተው ወደ ከንፈሩ ሲያወርዱለት የብረቱ ቅዝቃዜ አልተሰማውም። «በዓሉን ስለሻርኩ መስቀሉም ራቀኝ» አለ በልቡ። ለማንም አልነገረም። በሳምንቱ ከቅጽሩ ውጭ ቆሞ ተመለሰ፤ ኋላም መሄዱን ተወው።

ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ጉንጩን እንደ እሳት ለበለበው። ከዚያ ወዲያ ነፋስ ሲነካው ይወጋዋል፤ ጋቢው ሲነካው ይነዝረዋል። ፊቱን በሻሽ ጠቅልሎ ቤት ተቀመጠ። ሲብስበት ወደ ሐኪሙ ሄደና «ዶክተር፣ ይህን ነርቭ ቆርጠው ይጣሉልኝ። ቢደነዝዝ ይሻለኛል» ብሎ ለመነ።

ሐኪሙ ሻሹን ፈትቶ ጉንጩን በጥጥ ዳሰሰው።

«ምን ተሰማህ?»

«መርፌ!»

«አጥንትህን የጠገንን ጊዜ ስነካህስ ምን አልከኝ?»

«‹ምንም› ነው ያልኩዎት» አለ።

«ታዲያ ምኑን ልቁረጥ? እየተመለሰ ያለውን? ሙሉው ይመለሳል ብዬ አልዋሽህም። ለሕመሙ ግን መድኃኒት አለው፤ ብቻህን ይዘኸው ተቀምጠህ ነው እንዲህ የተሠቃየኸው። በል ሻሹን ጣለው።»

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ቄሱ ፊት ሲደርስ በልቡ የያዘውን ሹክ አላቸው። «ልጄ፣ መስቀሉስ ነክቶህ ነበር፤ የያዝኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?» አሉና ከንፈሩን አስነኩት። ቀዘቀዘው፤ አቃጠለውም። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ፊቱን ግን አላሸሸም።

እኅቴ፣ ልብሽ የዚያ ሰው ጉንጭ ነው። የደነዘዘው ባልሽን ስላልወደድሽው አይደለም፤ ምቱ ስለከበደ ነው። ዛሬ የሚያቃጥልሽ ሲነቃ ነው። እግዚአብሔርም፣ ያኔ ባይሰማሽም፣ እጁን ከላይሽ አላነሣም። ሁሉ እንደ ድሮው ይሆናል አልልሽም፤ የዚያ ሰው ሳቅ እስከ ዛሬ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ግን ከሰው ጋር ይበላል። አንቺም ዛሬ ምሳሽ እኛ ቤት ነው። ልቅሶው ከመጣብሽም እዚያው ማዕዱ ላይ አልቅሺ።