የተገዘተችው ምንጭ

አንድ ንጉሥ በቤተ መንግሥቱ ግርጌ ያለችውን የመንደርተኛውን ምንጭ ለራሱ ፈለጋት። ነጋሪት አስጎስሞ ቢያሳውጅ፣ መንደርተኛው «ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የጠጣናት ናት» ብሎ ተሟገተው። ንጉሡም ነፍስ አባቱን ጠርቶ «ከእኔ ጋር ይከራከራሉ፤ ከእግዚአብሔር ጋር ግን አይከራከሩም» አለው። ነፍስ አባቱም፣ አያፍር ነገር፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መስቀሉን ከፍ አድርጎ «ሰባት ቀን ሱባኤ ገብቼ ከፈጣሪ የሰማሁት ነው፤ ከዚያች ምንጭ የቀዳ መንደርተኛ የተወገዘ ይሁን!» ብሎ ገዘተ።

ትርንጎ የምትባል የሦስት ልጆች እናት ከዚያ ወዲህ ውሃ ፍለጋ ግማሽ ቀን ትጓዝ ጀመር። የወንዙ ድፍርስ ውሃ ትንሹን ልጇን በሽተኛ አደረገው። ቢሆንም ወደ ምንጯ ዝር አላለችም። የእግዚአብሔር ቃል ነዋ!

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ የንጉሡ እልፍኝ በእሳት ተያያዘ። አሽከሮቹ አልቻሉትም። መንደርተኛው «ኡኡ!» ሲባል ሰምቶ እንስራና ቅል ይዞ መጣ፤ ምንጯ ዳር ሲደርስ ግን ቆመ።

«ምን ይገትራችኋል? ፈቅጃለሁ፣ ቅዱ!» አለ ንጉሡ።

«ጃንሆይ፣ የከለከለን እግዚአብሔር ነው ተብለናል» አለች ትርንጎ። «የሱን ግዝት እርስዎ እንዴት ይፈቱታል?»

ነፍስ አባቱ እያለከለከ ደረሰ። «እኔ ፈትቻለሁ! ቅዱ!»

«አባቴ፣ ሲገዝቱ ሰባት ቀን ሱባኤ ገብቻለሁ ብለውን ነበር። አሁን ታዲያ መቼ ገብተው መቼ ሰሙ?» አለችው ትርንጎ።

ነፍስ አባቱ ወደ ንጉሡ ዞረ። ጣራው እየተናደ ነው። ንጉሡ ጭንቅ ሲለው «የእኔ ቃል ነው! እግዚአብሔር ምንም አላለም!» ብሎ ጮኸ።

የትርንጎ ደም ፈላ። «እግዜር ይይልዎ! ልጄን አልጋ ላይ የጣለብኝ የእርስዎ ቃል ነው እንግዲህ?» አለችው። እንስራዋን ግን ነክራ ቀዳች፤ ቤት ሲነድ ቆሞ ማየት ነውር ነውና። ሌላውም ተከተላትና እሳቱ ጠፋ። በማግስቱ ሴቶቹ ማንንም ሳያስፈቅዱ ከምንጯ ቀዱ።

ወገኖቼ፣ ሃይማኖት ገዢን «ተው፣ ፈጣሪ ያይሃል» ማለት ሲገባው የገዢ አፍ ከሆነ፣ ከዚህ የባሰ ምን ክህደት አለ? የሰው ሕግ ክርክር ይገባዋል። ክርክር ፈርቶ በእግዚአብሔር ስም የሚከለል ገዢ ሕዝቡንም ፈጣሪውንም ይበድላል። እስቲ እኛስ «እግዚአብሔር ብሏል» ሲሉን፣ «መቼ? ለማን?» ብለን የጠየቅነው ስንት ጊዜ ነው?