ሐጂ ካልተነሱ ፎልደሩ አይከፈትም

ተረት ተረት ስላችሁ «የይለፍ ቃል» በሉኝ። ጊዜያችሁን የማያስቆጭ ተረት አለኝ፤ ሲያልቅ ወይ ትስቃላችሁ፣ ወይ ሮጣችሁ የቤታችሁን ኮምፒውተር ታያላችሁ። ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል፤ ለዚህ እንኳ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም።

ደሴ ውስጥ ምንታምር የምትባል ልጅ ነበረች። በአዋላጅ ነርስነት ተመርቃ ሥራ ስትፈልግ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። አንድ ጤና ጣቢያ አንዲት አዋላጅ ፈለገና ማስታወቂያ አወጣ፤ ማመልከቻው የሚዘጋው ግን ዛሬ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የሚጎድላት የዲፕሎማዋ እስካን ብቻ ነው። ዋናው ዲፕሎማ ለማረጋገጫ ሌላ ከተማ ሄዷል፤ እስካኑ ግን እቤት ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል። ስምንት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩን ከፈተች። አንድ ፋይል ለመክፈት ሦስት ሰዓት! ቅንጦት ነው።

ፎልደሩን ጫን ብታደርገው፣ «አልከፈትም» አላት። «እኔ የአባባ እንግዳወርቅ ፎልደር ነኝ። አንቺ ማን ነሽ?»

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ። ኮምፒውተሩ የተገዛ ዕለት ባለሙያው፣ «የመጀመሪያው አካውንት በማን ስም ይሁን? ሁሉን የሚያዘው እሱ ነው» ብሎ ጠየቀ። በዚያ ቤት ታላቅ እያለ ታናሽ አይቀድምም። ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ «በአባባ!» አለ። አባባ እንግዳወርቅ፣ የምንታምር አያት፣ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ኮምፒውተሩን የነኩት አንድ ጊዜ፣ አቧራ ሲያራግፉለት ነው። እሳቸው አስተዳዳሪ ሆኑ፣ ሌላው ሁሉ ተራ ተጠቃሚ። አስተዳዳሪ ማለት የግቢው ቁልፍ ሁሉ ያለው ሰው ነው፤ ተራ ተጠቃሚ የራሱን ክፍል ቁልፍ ብቻ የያዘ ተከራይ። እስካነሩም የተጫነው በአባባ አካውንት ስለሆነ፣ እስካን የተደረገው ሁሉ የሚገባው አባባ ክፍል ነው። ቤተሰቡ ታላቁን አከበረ፤ ኮምፒውተሩም እንደታዘዘው አከበረ።

«እባክህ ኮምፒውተር፣ ፎልደሩን ክፈትልኝ» አለች ምንታምር።

«በደስታ» አለ ኮምፒውተሩ። «የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ብቻ ጻፊ።»

የአባባን የትውልድ ዓመት ጻፈች። ትክክል አይደለም። የድሮ በቅሏቸውን ስም ጻፈች። ትክክል አይደለም። የራሷን ስም ጻፈች፤ ሰው ተስፋ አይቆርጥም። ትክክል አይደለም። ኮምፒውተሩ ካልፈቀደ ፎልደሩ አይከፈትም፤ ፎልደሩ ካልተከፈተ ዲፕሎማው አይወጣም፤ ዲፕሎማው ካልወጣ ምንታምር ሥራ አታገኝም።

አባባ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«አባባ፣ የኮምፒውተሩን ፓስዎርድ ይንገሩኝ።»

«ባለሙያው ‹ለማንም እንዳይነግሩ› ብሎኛል።»

«እኔ እኮ ነኝ!»

«እኔም እኮ ማንም ነኝ፤ ለራሴም ብሆን አልነገርኩትም። እሱ እየነገረኝ በወረቀት ጻፍኩና፣ ሳላነበው አጥፌ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ወረቀቱ ከወጣ ለአንቺስ አልሰስትም።»

እንዲህ ያለ ጠባቂ ባንክም የለውም። ምንታምር ሳጥኑን ነቀነቀችው፤ ሳጥኑ ጥርሱን እንዳመመው ልጅ አፉን ግጥም አድርጎ፣ «ያለ ቁልፍ አልከፈትም» አለ። «መጥረቢያስ?» ብትል፣ «የእናቴን ሳጥን?» አሉ አባባ። የመጥረቢያው ነገር እዚያው አለቀ። ሳጥኑ ካልተከፈተ አባባ አይናገሩም፤ አባባ ካልተናገሩ ኮምፒውተሩ አይፈቅድም፤ ኮምፒውተሩ ካልፈቀደ ፎልደሩ አይከፈትም፤ ፎልደሩ ካልተከፈተ ዲፕሎማው አይወጣም፤ ዲፕሎማው ካልወጣ ምንታምር ሥራ አታገኝም። ሰዓቱ ዘጠኝ።

የቤቱ ቁልፍ ሁሉ አክስቷ እትዬ ጥሩአየር ወገብ ላይ ነው። እትዬ ጓሮ ልብስ ያሰጣሉ።

«ቁልፉ ይኸውልሽ፣ ይታይሻል» አሉ ወገባቸውን እየመቱ። «ድንበሩ ይቅርታ ሳይለኝ ግን አይወርድም።»

ድንበሩ ታናሽ ወንድማቸው ነው። የእህታቸው ልጅ ስታገባ የሰርጉን ካርድ ያሳተመ እሱ ሲሆን፣ በጠሪዎቹ ዝርዝር ላይ እትዬን ከታናናሾቻቸው ሁሉ በታች ጽፏቸዋል።

«እትዬ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?»

«አንቺማ ምንም። ሳጥኑ የቤተሰቡ ነው፤ እኔን ደግሞ ከቤተሰቡ ግርጌ ነው የጻፈኝ። ግርጌ ያለ ሰው ሳጥን ይከፍታል?»

እትዬ ካልታረቁ ቁልፉ አይወርድም፤ ቁልፉ ካልወረደ ሳጥኑ አይከፈትም፤ ሳጥኑ ካልተከፈተ አባባ አይናገሩም፤ አባባ ካልተናገሩ ኮምፒውተሩ አይፈቅድም፤ ኮምፒውተሩ ካልፈቀደ ፎልደሩ አይከፈትም፤ ፎልደሩ ካልተከፈተ ዲፕሎማው አይወጣም፤ ዲፕሎማው ካልወጣ ምንታምር ሥራ አታገኝም። ለፋይል ብላ የተነሳች ልጅ የሰርግ ካርድ ጠብ ውስጥ ገባች።

ዳገቱን ሮጣ አጎቷ ጋሼ ድንበሩ ልብስ ስፌት ቤት ደረሰች። ጋሼ እግራቸውን ከስፌት መኪናው ሳያነሱ ሰሟት።

«ይቅርታውስ ምላሴ ላይ ነው። ግን ብቻዬን? ሽማግሌ ሳልይዝ? ሰው ምን ይለኛል!»

«ጋሼ፣ ሰው እኮ የለም። እትዬ ብቻ ናቸው ያሉት።»

«ሐጂ ሙሄ ከፊት ይሂዱ፤ እኔ ከኋላ ነኝ።»

ጋሼ ካልሄዱ እትዬ አይታረቁም፤ እትዬ ካልታረቁ ቁልፉ አይወርድም፤ ቁልፉ ካልወረደ ሳጥኑ አይከፈትም፤ ሳጥኑ ካልተከፈተ አባባ አይናገሩም፤ አባባ ካልተናገሩ ኮምፒውተሩ አይፈቅድም፤ ኮምፒውተሩ ካልፈቀደ ፎልደሩ አይከፈትም፤ ፎልደሩ ካልተከፈተ ዲፕሎማው አይወጣም፤ ዲፕሎማው ካልወጣ ምንታምር ሥራ አታገኝም። ሰዓቱ አሥር አለፈ፤ የሦስት ሰዓቱ ቅንጦት አለቀ።

ሐጂ ሙሄ፣ የሰፈሩ ሁሉ አስታራቂ፣ ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠው ከስልካቸው ጋር ተኳርፈዋል።

«ከዚህ አልነሳም» አሉ። «ሰመራ ያለችው ልጄ ከወለደች አሥራ ሁለት ቀኗ። ሕፃኑን በቪዲዮ ላሳይህ ብላ ትደውላለች፤ ይህ ስልክ አሻፈረኝ ይላል። የልጅ ልጄን ፊት ሳላይ የማንንም ጠብ አላይም!»

ሐጂ ካልተነሱ ጋሼ አይሄዱም፤ ጋሼ ካልሄዱ እትዬ አይታረቁም፤ እትዬ ካልታረቁ ቁልፉ አይወርድም፤ ቁልፉ ካልወረደ ሳጥኑ አይከፈትም፤ ሳጥኑ ካልተከፈተ አባባ አይናገሩም፤ አባባ ካልተናገሩ ኮምፒውተሩ አይፈቅድም፤ ኮምፒውተሩ ካልፈቀደ ፎልደሩ አይከፈትም፤ ፎልደሩ ካልተከፈተ ዲፕሎማው አይወጣም፤ ዲፕሎማው ካልወጣ ምንታምር ሥራ አታገኝም። ልታለቅስ ነበር፤ ግን አንድ ነገር ታወሳትና ጠየቀች።

«ሐጂ፣ ስልኩ የሆነ ነገር ጠይቆዎት ነበር?»

«አዎ። ‹ካሜራውን ልጠቀም?› አለኝ። ‹ከልክል› አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ ከለከልኩት። ከዚያ ወዲያ አፈረ መሰለኝ፣ ጠይቆኝ አያውቅም። የማላውቀው ሰው በንብረቴ አይጠቀምም!»

«እሱ እኮ ልጅዎን የሚያገናኝዎት አፕ ራሱ ነው!»

«እንግዲያስ የመጣበትን ጉዳይ ለምን አይናገርም?»

ስልክ ሁለቴ ከከለከሉት ያኮርፋል፤ ከዚያ በኋላ ራሳችሁ ሄዳችሁ መፍቀድ አለባችሁ። ምንታምር ሴቲንግ ገባች፤ አፑን አገኘች፤ ፈቃዶች የሚለውን ከፈተች፤ ካሜራ፤ ፍቀድ። ወደ ሰመራ ደወለች። አንድ የተጨማደደ ቀይ ፊት በስልኩ ሙሉ አዛጋ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሐጂ። «አፍንጫው የእኔ ነው!» አይናቸውን ጠረጉና ከዘራቸውን አነሱ። «የማን ጠብ ነበር ያልሽኝ?»

ስልኩ ሲፈቅድ ሐጂ ተነሱ፤ ሐጂ ሲነሱ ጋሼ ተከተሉ፤ ጋሼ ጎንበስ ሲሉ እትዬ «ተነስ፣ ወገብህን ያምሃል» አሉ፤ እትዬ ሲታረቁ ቁልፉ ወረደ፤ ቁልፉ ሲወርድ ሳጥኑ ተከፈተ፤ ሳጥኑ ሲከፈት አባባ መነጽራቸውን አጠለቁና በመሐረብ የተጠቀለለውን ወረቀት ፈተው ጮክ ብለው አነበቡ፦

«የይለፍ ቃል፦ የለም። ቦታውን ባዶ ትቶ ‹አዎ› የሚለውን መጫን።»

ሁሉም አንገታቸውን ወደ ወረቀቱ አሰገጉ።

«ይኸው» አሉ አባባ ወረቀቱን መልሰው እያጠፉ። «ለአንድ ሰው እንኳ አልነገርኩም።»

ምንታምር ቦታውን ባዶ ትታ «አዎ»ን ተጫነች። ኮምፒውተሩ ፈቀደ፤ ፎልደሩ ተከፈተ፤ ዲፕሎማው ወጣ፤ ለአሥራ አንድ ሰዓት አራት ደቂቃ ሲቀረው ማመልከቻው ሄደ። ስምንት ሰዓት ላይ ምንም ባትጽፍ ኖሮ ይህ ሁሉ አያስፈልግም ነበር፤ ነገር ግን እትዬና ጋሼ እንደተኳረፉ፣ ሐጂም ምንጣፋቸው ላይ ይቀሩ ነበር።

ከዚያ አባባን አስፈቅዳ ራሷን አስተዳዳሪ አደረገች፤ እውነተኛ የይለፍ ቃልም አስገባች። አባባ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሥራውን አንቺ ሥሪው፤ ስሜ ግን ከላይ ይቀመጥ።» እስከ ዛሬ ከላይ ነው። የጤና ጣቢያው ሰው ሰኞ ለሥራው ሊጠራት በአፕ ሲደውልላትም ስልኳ መጀመሪያ «ማይክ ልጠቀም?» አላት፤ እንደ መብረቅ ነው የፈቀደችው።

አሁን እናንተ ተነሱ። የቤታችሁን ኮምፒውተር ክፈቱ፤ ሴቲንግ ውስጥ አካውንቶች የሚለውን ተጫኑና አስተዳዳሪው ማን እንደሆነ እዩ። አያታችሁ ከሆኑ እጃቸውን ስማችሁ አስፈቅዱ። የይለፍ ቃሉ ባዶ ከሆነ ዛሬውኑ ሙሉት። ሂዱ፣ ሞክሩት፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይደርስ። ተረቴን መልሱ፣ ፈቃዳችሁን አድሱ።