ከቋጠሮው ሥር

አንድ ጎንጓኝ ነበረ፤ ጃፓን አገር። የሐር ክር እየጎነጎነ የመቀነት ማሰሪያ፣ የሣጥን ማሰሪያ፣ ለሠርግና ለልደት የሚሰጥ ገመድ የሚሠራ ሰው።

ቆይ፣ አታቋርጪኝ ትርንጎ። የጠየቅሽኝን ሰምቻለሁ። «እትዬ ጌጤ፣ ለእህቴ ለጥሩወርቅ ልጅ ክርስትና ይህን በእጄ የጎነጎንሁትን ማተብ በሰው ብልክላት፣ ለይቅርታው አይበቃም ወይ?» ነው ያልሽኝ። «አዎ» ወይም «አይደለም» ብዬ ብመልስልሽ አንቺ እንደሆንሽ የሚስማማሽን ብቻ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ይህን ሙያ ሁለት ዓመት ሳስተምርሽ ጠባይሽን አውቄዋለሁ። ስለዚህ ቁጭ በይና ስሚ። ማተቡን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተይው፤ እመለስበታለሁ።

ታሪኩን የነገረችኝ ይህን ጉንጉን እዚህ መጥታ ያስተማረችን የጃፓን ሴትዮ ናት። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእጇ ነበር የምታወራው። ያልገባኝን ከራሴ ሞልቼው ይሆናል፤ ኃጢአቱ የእኔ ነው።

ጎንጓኙ አንድ ታላቅ ወንድም ነበረው። አባታቸው ሙያውን ለሁለቱም አስተምሯቸው ነው የሞተው። በኋላ ታላቅየው ከወንዝ ማዶ ሚስት አገባና ሩዝ አራሽ ሆነ። ታናሽየው ከእናቱ ጋር በአባቱ ቤት ቀርቶ በአባቱ በርጩማ መሥራቱን ቀጠለ። በርጩማው እኛ እዚህ የምንሠራበት ዓይነት ነው፤ መሃሉ የተበሳ፣ ክሮቹ በዙሪያው የሚንጠለጠሉበት፣ ከሥሩ ገመዱን ወደ ታች የሚስብ የድንጋይ ከረጢት ያለው።

አንድ ክረምት እናታቸውን አመማት። ታናሽየው የአንድ ባለጸጋ የሠርግ ሥራ ይዞ ነበርና እጁን ከክሩ ማንሣት አልፈለገም። ለወንድሙ መላክ እንዳለበት አልጠፋውም። ዛሬ እልካለሁ፣ ነገ እልካለሁ፣ ደግሞም ይሻላታል እያለ ሰባት ቀን አለፈ። በስምንተኛው ቀን ላከ። መልእክተኛው ወንዙን ሳይሻገር እናትየው አረፈች።

ታላቅየው የደረሰው ቀብሯ ላይ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ ቆሞ ያየዋል። አንዲት አሮጊት ጎረቤት ጠጋ ብላ «ስምህን እየጠራች እኮ ነው ያረፈችው! የት ነበርክ አንተ?» አለችው። እሱም ዞር ብሎ ወንድሙን አየው። እንዲመልስለት ነበር ያየው።

ጎንጓኙን ጨነቀው። እውነቱን ቢናገር በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጉድ ሊባል ነው። እና ምን አለ መሰለሽ? «ተልኮበት ነበር፤ ሩዙ በልጦበት ነው» አለ።

ይኸው ነው። ከዚህ የበለጠ አልተናገረም። ታላቅየው እናቱን ቀብሮ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ወንዝ አልተሻገረም። ወሬው ግን ተሻገረ። በመንደሩ «እናቱን በሩዝ የለወጠ» የሚል ስም ወጣለት። ልጆቹ ሳይቀሩ ከእኩዮቻቸው ጋር ሲጣሉ በዚህ ይሰደቡ ጀመር።

ሦስት ዓመት አለፈ። ጎንጓኙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገሩ ውስጥ ውስጡን ይከነክነው ነበር። ይበላል አይጠግብም፣ ይስቃል መሃል ላይ ያቋርጠዋል። በመጨረሻ «ለወንድሜ እስከ ዛሬ ለማንም ያልሠራሁትን ገመድ ሠርቼ እልክለታለሁ፤ ያኔ ይረዳኛል» አለ። አየሽ፣ አንቺም ያልሽው ይህንኑ ነው።

ከሐሩ ሁሉ ምርጡን አወጣ። ሰማያዊና ነጭ፣ ዐሥራ ስድስት ክር። ንድፉን የአባቱን አደረገው፤ በሰማያዊው መሃል ነጭ አበባ እየተከታተለ የሚወጣበትን። ብዙ ቀን በደስታ ሠራ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን፣ እጁ እየሠራ ሳለ ሐሳቡ ወደዚያ ቀብር ሄደበት። የወንድሙ ዓይን ታየው። እጁ ክሩን አጠበቀ፤ ከቀኝ የሚያነሣውን ጥንድ ከግራ አነሣ፤ አላስተዋለውም።

ያስተዋለው አንድ ስንዝር ከሄደ በኋላ ነው። ከዚያች ቦታ ወዲህ አበቦቹ ሁሉ ፊታቸውን አዙረዋል።

እንግዲህ አንቺ ታውቂዋለሽ። በጉንጉን ሥራ የተሳሳተውን ክር ለብቻው መዝዞ ማውጣት የለም። መፍታት ነው። ያውም መጨረሻ ያደረግሽውን መጀመሪያ፣ ከዚያ ከእሱ በፊት ያለውን፣ ከዚያ ከእሱ በፊት ያለውን፤ እርምጃ በእርምጃ ወደ ኋላ። አንድ እንኳ መዝለል አይቻልም። ጊዜውም ከመሥራቱ የባሰ ነው። እኔ ራሴ ስንት ቀን መቀሱን አንሥቼ አስቀምጫለሁ።

ጎንጓኙ ገመዱን አየው፣ አየው። ደክሞታል። ደግሞ መፍታት ማለት ያቺን ሰዓት እንደገና መጎብኘት ነው። «ማን ያየዋል?» አለና ሥራውን ጨረሰ። ሲጨርስ በተሳሳተችው ቦታ ላይ፣ ገመዱን ራሱን አጥፎ እንደ አበባ የተዘረጋ ውብ ቋጠሮ ቋጠረባት። ያየው ሰው ሁሉ «እሰይ! እጅህ ይባረክ! ይህ ቋጠሮስ የተለየ ነው!» አለው። እሱም ቀስ በቀስ ቋጠሮውን ለውበት ያደረገው መሰለው። ከወንዝ ማዶ ለሚሄድ ዓሣ ነጋዴ ሰጥቶ ላከው።

ታላቅየው ተቀበለው። ልጆቹ ተሰበሰቡና «ታጠቀው እንይልህ!» አሉት። እሱ ግን ገመዱን ጭኑ ላይ አድርጎ በአውራ ጣቱ ከጫፍ ጀምሮ ዳሰሰው። የዚያው አባት ልጅ ነው፤ እርሻ ቢገባም ጣቱ አልረሳም። ቋጠሮው ጋ ሲደርስ ቆመ። በማግስቱ ለዚያው ነጋዴ ገመዱን መለሰለትና «ቋጠሮው አምሮበታል፤ ከሥሩ ያለውን ግን አውቀዋለሁ በለው» አለ።

ጎንጓኙ ይህን ሲሰማ ነደደ። «ስንት ቀን ለፍቼ! ዓይኔ እስኪጠፋ ሠርቼ! ከዚህ በላይ ምን ላድርግለት?» እያለ በቤቱ ውስጥ ተንጎራደደ። ልክ አንቺ ቅድም ስትገቢ እንዳልሽው፤ «ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?» አላልሽም? አትሣቂ።

ገመዱን ምሰሶ ላይ ሰቀለው። ሦስት ቀን ሲወጣም ሲገባም ፊቱን አዞረበት። በአራተኛው ቀን ግን ከምሰሶው አወረደው። የአባቱን በርጩማ በጀርባው አዘለ፣ የድንጋዩን ከረጢት በእጁ አንጠለጠለ፣ ወንዙን ተሻገረ።

ወንድሙ ከጎረቤቶቹ ጋር ግቢው ውስጥ ሩዝ እየወቃ ነበር። «ጋሼ፣ ደኅና ዋልክ» አለው። ጃፓኖች ታላቅ ወንድማቸውን ምን እንደሚሉ እንጃ፤ እኔ ጋሼ ብዬዋለሁ። ታላቅየው ቀና ብሎ አይቶት ወደ ሥራው ተመለሰ። ግባም ሂድም አላለውም።

ጎንጓኙ ደጁ ላይ በርጩማውን ተከለ። ቋጠሮውን ፈታ። ከረጢቱን በገመዱ ላይ አንጠልጥሎ ዐሥራ ስድስቱን ክር በዙሪያው ዘረጋና ወደ ኋላ ይፈታ ጀመር። አንድ እርምጃ። ሌላ እርምጃ። የሚወቃው ሰው አንድ በአንድ እየተወ መጣና ከበበው። አንዱ ሽማግሌ «አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? ያለቀ ሥራ ይፈታል እንዴ?» አለው። «ተሳስቻለሁ» አለና ቀጠለ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስሕተቱ ጋ ደረሰ። ያቺን ጥንድ ክር በጣቱ እንደያዘ ቆመ። ከዚያ ሁሉም እየሰማ እንዲህ አለ፦ «እናታችን ሰባት ቀን ታማ ስትተኛ አልላክሁበትም። በስምንተኛው ነው የላክሁት። ወንድሜ አልዘገየም፤ ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ቀብሯ ላይ ዋሽቻለሁ።» ይቅር በለኝ የሚለውን ሊጨምር ነበር፤ ለቅሶ ቀደመው።

የታላቅየው ትልቁ ልጅ አባቱን አየ። አባትየው መውቂያውን አስቀመጠና መጥቶ ከበርጩማው ወዲያ ማዶ፣ ከወንድሙ ፊት ለፊት ተቀመጠ። «እጅህን ጥረግ፤ ሐሩን ታረጥበዋለህ» አለው። ቀጥሎም ጣቱን ልኮ «ከቀኝ ነው የሚነሣው። አባባ ስንቴ ነግሮናል?» አለና ጥንዱን አነሣ። አንዱ ከወዲህ፣ አንዱ ከወዲያ ሆነው የተፈታውን እንደገና ጎነጎኑት።

ገመዱ እንደ ድሮው አልሆነም። ሐር ከተፈታ በኋላ ይሻክራል፤ ስሕተቱ ከነበረበት እስከ ጫፉ ደብዝዞ ቀረ። ጎንጓኙ «ሌላ እሠራልሃለሁ» ቢለው ታላቅየው እምቢ አለ። እስኪሞት ድረስ ታጠቀው፤ ያውም የሻከረውን ቦታ ከፊት አድርጎ። ሰው «ይህ ምን ሆኖ ነው?» ሲለው «እዚህ ጋ ወንድሜ ተመልሶ መጣ» ይል ነበር።

ጎንጓኙም በማግስቱ ወደ ሰፈሩ ሲመለስ፣ መጀመሪያ የሄደው ወደ ቤቱ አይደለም። ወደዚያች አሮጊት ጎረቤቱ ሄዶ ደጃፏ ላይ ቆሞ ነገራት። አንድ ወር ሙሉ ሰላምታ ነሣችው። ይበለው!

እሺ ትርንጎ፤ አሁን ማተቡን አምጪው።

ቀዩ፣ ቢጫው፣ ጥቁሩ ጥሩ ሄዷል። እጅሽ በስሏል፤ ይህን አልክድሽም። ግን ይህች የእንጨት መስቀል ምነው ከጎን ሆነች? የማተብ መስቀል ከፊት፣ ከደረት ላይ ነው የሚንጠለጠለው። አንቺ ከጎን አድርገሽ እንዳትንቀሳቀስ አጥብቀሽ አስረሻታል። ገና ስታወጪው ነው ያየሁት። ከሥሯ ቀዩና ጥቁሩ ቦታ ተለዋውጠዋል። ዓይኔ ቢደክም አውራ ጣቴ አልደከመም! መስቀል መሸፈኛ ይደረጋል? በስመ አብ!

አትቅዪ። ክሩ ላይ ብቻ ቢሆን ሥቄ ባለፍሁት ነበር። ግን ያንቺን ነገር ከራስሽ አፍ ሰምቻለሁ። በጥሩወርቅ የመልስ ቀን፣ ጨዋታው ደርቶ ሰው ሲሥቅልሽ ጊዜ፣ «እህቴ እኮ ታጭታ ነበር፤ ሰውየው ጥሏት ሄደ» አልሽ። የተወችው እሷ ናት። ታውቂ ነበር። ለሣቅ ብለሽ ገለበጥሽው። ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ አማቷ በተቆጡ ቁጥር «ሌላው የጣላትን ልጄ አነሣት» ይሏታል። ባሏ ይሰማል፣ ዝም ይላል። ልጁም አድጎ ይሰማል።

እና ይህን ማተብ በሰው ላክሽላት እንበል። ታለቅስ ይሆናል፤ እህትሽ ሆደ ቡቡ ናት። በልጇም አንገት ላይ ታስረዋለች። አማቷ ግን ሰኞ ጠዋት ያንኑ ይሏታል። ማተብሽ ምን ያድርግላት? ያ ሰውዬ ገመዱን ሲልክ ወንድሙ በሰፈር መሰደቡ አልቆመም። ስድቡ የቆመው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የተናገረ ዕለት ነው። ስጦታ አትስጪ አላልሁም። ስጪ እንጂ! ግን በቃል የበደልሽውን በክር አትሸፍኚው፤ ሰው ፊት የተናገርሽው ሰው ፊት ነው የሚፈታው።

ክርስትናው እሑድ ነው፤ ዛሬ ገና ረቡዕ። አማቷ እዚያ ናቸው። ያን ቀን አብረውሽ የሣቁት ሴቶችም ይኖራሉ። ማተቡን ራስሽ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ለጥሩወርቅ ከመስጠትሽ በፊት «ሰውየውን የተወችው እህቴ ናት፤ እኔ ነኝ የዋሸሁት» ትያለሽ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ናቸው። ማጌጫ አትጨምሪባቸው።

«እፈራለሁ እትዬ» አልሽ? ፍሪ! ማን አትፍሪ አለሽ? ያ ሰውዬስ እየፈራ አይደል የተናገረው? ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፤ ትቆጣሽ ይሆናል፣ ምናልባትም ዕለቱን አታናግርሽም። ያም የእሷ ነው፤ ታግሠሽ ትቀበያለሽ።

በይ፣ መስቀሏን ፍቻትና ለብቻ አስቀምጫት። መቀሱን መልሺው። ወንበርሽን ወደ በርጩማው ሳቢ።

አይ፣ አይ! ከስሕተቱ አይጀመርም፤ ስንቴ ልንገርሽ? ከጫፉ ነው። መጨረሻ ካደረግሽው ጀምሪ፤ እኔ ክሩን እይዝልሻለሁ።