ለመድኩት ያለበት ቀን

አንድ ሰው ነበረ። የመተሃራ ሰው፣ የጭነት መኪና ሹፌር። ስሙን ተዉት፤ ዘመዶቹ እዚሁ መካከላችሁ ሊኖሩ ይችላሉ።

መተሃራን የምታውቁ ታውቋታላችሁ። ግንቦት ላይ አልጋ ደጅ አውጥተው የሚተኙባት አገር ናት። ይህ ሰው ብርድ ሲባል የሚያውቀው፣ አንድ ሐምሌ ጭነት ይዞ አዲስ አበባ ገብቶ ጋቢ የተዋሰበትን ቀን ነው። ያችን ቀን ራሱ ዓመት ሙሉ ሲያወራት ከረመ።

ሚስቱ አስካለ ነርስ ናት። ኖርዌይ አገር ሥራ አገኘች። ሰሜን ጫፍ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው። ቀድማ ሄደች፤ ቆይታ ባሏንና ሴት ልጃቸውን ወሰደች። ሰውዬው ደረሰ። ታዲያ ምን አገኘ መሰላችሁ?

እናንተ በረዶ ሲባል የሚታያችሁ ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው። ይመጣል፣ ይጮሃል፣ ይሄዳል። ያኛው ድምፅ የለውም። ሰው ተኝቶ ሳለ ዝም ብሎ ይወርድና ጠዋት በር አላስከፍት ይላል። ሰውዬው በነጋታው በመስኮት ቢያይ ሰዎች አካፋ ይዘው ይቆፍራሉ። ሰው ሞቷል ብሎ ለቀብር ሊወጣ ጫማውን አሠረ። ለካስ የሚቆፍሩት መኪናቸውን ነው።

ይህስ ይሁን። ኅዳር ሲያልቅ ፀሐይ ቀረች። ወገኖቼ፣ ዘገየች አላልኩም። ቀረች። እዚያ ክረምቱ ሲከፋ ለሳምንታት አትወጣም፤ እኩለ ቀን ላይ ትንሽ ወገግ ይልና መልሶ ይጨልማል። ሰውዬው መስኮቱ ሥር ቆሞ ጠበቃት። ስለ ታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው፣ «ዛሬስ እንዴት ናት?» ይላል ለሚስቱ። ደንግጦ ነበር። ሲነጋ ይደነግጣል፣ ወደ ሥራ ሲወጣ ይደነግጣል፣ የአፍንጫው ውስጥ ሲደርቅበት ይደነግጣል።

ሰዉ ሁሉ ደግሞ አንድ ቃል ነው ያለው። ጎረቤት፦ ትለምደዋለህ። ሥራ ያገኘበት ዓሣ ማሸጊያ ውስጥ አብረውት የሚሠሩት፦ ትለምደዋለህ። ከመተሃራ እናቱ በስልክ፦ «አይዞህ ልጄ፣ ሰው የማይለምደው የለም።»

አልለመደውም። አንድ ምሽት እራት ላይ እጁን ሰበሰበ።

«አስካለ» አላት፣ «እስከ ፋሲካ ነው የምቆየው። እስከዚያ ካልለመድኩት አገሬ እገባለሁ። ልጄንም ይዤ ነው የምሄደው።»

«ልጄን?» አለች።

«ልጄን። እዚህ ጨለማ ውስጥ አላሳድጋትም።»

አስካለ ገበታውን አነሣች። እሷ ሥራዋን ጥላ መሄድ አትችልም፤ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿ የሚማሩት በእሷ ነው። ባሏን ልታጣ ነው፤ ልጇንም ልታጣ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸሎቷ አጠረ። ጌታ ሆይ፣ ለመድኩት ይበል። ሌላ አልጠይቅህም፤ ለመድኩት ሲል ልስማ። ይህንኑ እየደጋገመች ገናም ጥምቀትም አለፈ።

አንድ ቀን በረዶው ከበደ። ጠዋት ሲለያዩ፣ «አውቶቡስ ከቀረ እዚያው ጠብቀኝ፣ ስወጣ መጥቼ እወስድሃለሁ» አለችው። እሺ አለ። አውቶቡሱ ቀረ። እሱ ግን አልጠበቀም። የሥራ ባልደረቦቹ የሞቃት አገር ሰው እያሉ ሲቀልዱበት ከርመዋል፤ ሆዱ ቆስሏል። ሹፌር ነኝ፣ እንዴት መንገድ ይበልጠኛል አለ። በእግሩ ተነሣ። ቀን ነው፤ ግን ጨለማ ነው። ከከተማዋ ዳር ሐይቅ አለ፤ በሐይቁ ዳር የሚያቋርጥ መንገድ ያውቃል፤ በዚያ ገባ።

መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ። ጥርሱ ተንገጫገጨ። እያጉረመረመ ሄደ። ቆየና መንቀጥቀጡ ተወው።

ተወው። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

መንቀጥቀጡ ሲተወው ከሆዱ አንድ ሙቀት ተነሣ። ደረቱ ሞቀ። ፊቱ ሞቀ። ቆመ። ይኸው አለ። ሁሉም ሲሉኝ የነበረው ይኸው መጣ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ ደስ አለው። ጓንቱን አወለቀ። አንገቱን የጠመጠመበትን ሻርፕ ፈታ። በዚህ መካከል ስልኩ ጠራ። አስካለ ናት።

«የት ነህ? ልመጣልህ ነው።»

«አስካለ፣ ስሚኝ። ለመድኩት።»

«ምኑን?»

«ብርዱን ነዋ። ለመድኩት እኮ። ሞቀኝ።»

እሷ በዚያች ሰዓት የአንዲት አሮጊት ትራስ ስታስተካክል ነበር። ትራሱን እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ተመስገን አለች። ባሏ በስልኩ ውስጥ ይስቃል፤ አንደበቱ ትንሽ ተያይዟል፤ ሳቁ ነው ብላ አለፈችው። እንዲህ ሲስቅ ከሰማችው ስንት ጊዜዋ ነው። እሷም ሳቀች። አሮጊቷም ምንም ሳይገባት አብራ ሳቀች።

«አንተ ታዲያ አውቶቡሱ መጣ?» አለችው።

«በእግሬ ነኝ። በሐይቁ በኩል። ጃኬቴንማ አውልቄ አስቀመጥኩት፣ አልቦኛል።»

ሳቋ እዚያው ቆመ።

ለምን ቆመ? አስካለ እዚያ ቤት ስትቀጠር መጀመሪያ ያስተማሯት ነገር አለ። ከአረጋውያኑ አንዱ በረዶ ላይ ወጥቶ ልብሱን ሲያወልቅ ብታዩ፣ አብዷል አትበሉ፤ እየሞተ ነው። ሐኪሞቹ እንዲህ ያስረዳሉ፤ ሰውነት ብርድ ሲበዛበት ደሙን ወደ ውስጥ፣ ወደ ልብ ሰብስቦ ይታገላል። አቅሙ ሲያልቅ ይለቀዋል። ያ የተለቀቀ ደም ቆዳ ላይ ሲደርስ፣ ሰውዬው ሞቀኝ ይላል። ልብሱንም ያወልቃል።

ወገኖቼ፣ የለመነችው ቃል መጣ። ጌታ ሆይ ለመድኩት ይበል ስትል የከረመችው ቃል ራሱ፣ መርዶ ሆኖ መጣ።

«ልበስ» አለችው። «ጃኬትህን አሁን ልበስ።»

«አትቆጪኛ። ትንሽ ቁጭ ልበልና እመጣለሁ» አለና ስልኩ ተቋረጠ።

አምቡላንስ ጠራች፤ አምቡላንሱ የሚመጣው ከሌላ ከተማ ነው። ሐይቁ ዳር የምትኖር ቱሪድ የምትባል ጎረቤት አለቻቸው፣ ባሏ የሞተባት፣ ሰባውን ያለፈች። አስካለ እማማ ቱሪድ ነው የምትላት። ደወለችላት። ልታስረዳት ብትል ቃል አጠራት፤ «ባሌ በሐይቁ መንገድ ነው፤ ሞቀኝ አለኝ» ብቻ አለቻት። ቱሪድ የዚያ አገር ልጅ ናት፤ ሁለተኛ አልጠየቀችም። እዚያ አሮጊቶች በረዶ ላይ የሚገፉት ወንበር አለ፣ ከሥሩ ሁለት ረዣዥም ብረት ያለው። እሱን እየገፋች ወጣች።

መጀመሪያ ባርኔጣ አገኘች። ቀጥላ ጓንት። ቀጥላ ጃኬቱን፤ አጥፎ አስቀምጦታል፣ እቤቱ እንዳለ ሰው። ከዚያ እሱን አገኘችው። በሸሚዝ ብቻ በረዶ ላይ ተቀምጦ ፈገግ ብሏል።

ክንዱን ይዛ ጎተተችው። እሱ ምን አደረገ? ገፈተራት። በጀርባዋ ወደቀች። ተነሥታ እንደገና ያዘችው። «ሞቆኛል፣ ተዪኝ» አላት በገዛ ቋንቋዋ፣ በክርኑም መታት። ከንፈሯ ደማ። የሰባ ዓመት አሮጊት። ደሟን አልጠረገችም፤ ጃኬቱን ደረበችበት፣ እየታገለች ወንበሩ ላይ ጣለችው፣ በራሱ ሻርፕ አሠረችውና እስከ ቤቷ ገፋችው። መንገዱን ሙሉ በአማርኛ ሲሰድባት ሄደ። ደግነቱ ቱሪድ አማርኛ አታውቅም።

አሁን የሆነውን ስሙ። ሆስፒታል አስገብተው ሰውነቱን ቀስ በቀስ ማሞቅ ሲጀምሩ ጮኸ። «አቃጠላችሁኝ» አለ። በረዶ ላይ ሲስቅ የነበረ ሰው፣ ሙቅ አልጋ ላይ ሆኖ አለቀሰ። ነርሶቹ ሊያባብሉት ሲሉ አስካለ ከለከለቻቸው። «ይጩህ፣ ተዉት ይጩህ» አለች፣ እንባዋ እየወረደ። ካመመው አለ ማለት ነው። ተረፈ። ከግራ እጁ ሁለት ጣት አጣ፤ ልጁን ግን የሚያቅፍባት እጅ አለው።

ይህን የነገረችኝ ራሷ አስካለ ናት፣ ለእረፍት መጥታ። ስትነግረኝ ደንግጬ ደጋግሜ ጠየቅኋት።

«እየሞተ ሞቀው?»

«እየሞተ ሞቀው፣ ጋሼ። ይስቅም ነበር።»

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይሉ የለም? ልጅ ሆኜ ስሰማው ስለ ውሃ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የፈራሁት ለዚያ ሰው አልነበረም፤ እሱ ድኗል። የፈራሁት ለእናንተ ነው።

ምክንያቱም ይህችን ቃል ከእናንተ አፍ እሰማታለሁ። እጠይቃችኋለሁ፣ ትዳር እንዴት ነው? «አይ፣ ለመድነው።» ጸሎትስ? «ድሮ እንኳ ሳልጸልይ ስውል ይከብደኝ ነበር፣ አሁን ለመድኩት።» ከወንድምህ ጋር ታረቅህ ወይ? «ተወው፣ ያለ እሱ መኖር ለመድን።» እንዲህ ስትሉ ደግሞ ፊታችሁ ላይ ሐዘን የለም። ፈገግ ብላችሁ ነው።

መጀመሪያ የዋሻችሁ ቀን ትዝ ይላችኋል? እጃችሁ አልተንቀጠቀጠም? ሚስትህን ሰው ፊት ያዋረድክ ቀን ምሳ አልበላልህ አላለም? የእናትሽን ስልክ አይተሽ ያላነሣሽ ቀን ደረትሽ አልከበደም? ያ መንቀጥቀጥ ጤና ነበር። ያ ሕይወት ነበር፤ ነፍሳችሁ ከብርዱ ጋር እየታገለች ነበር። አሁንስ? አሁን መንቀጥቀጡ ተዋችሁ። ቀለላችሁ። እናንተም እግዚአብሔር ሰላም ሰጠኝ ብላችሁ ምስክርነት ልትሰጡ ትነሣላችሁ።

ሰላም ነው ወይስ በረዶ ነው? ማን ይንገራችሁ? እናንተማ አታውቁትም። ቢጠይቁት ሰውዬው ምን ይል ነበር? ሞቀኝ ነዋ። አይዋሽም እኮ፤ በእውነት ሞቆት ነበር። የሞቀው ሰው ሙቀቱን ሊመረምር አይነሣም። ስለዚህ እግዚአብሔር ከውጭ ሰው ይልካል። ጠባይዋ የማያምር፣ ክንድ ይዛ የምትጎትት፣ ሰዓት የማትመርጥ። እናት ትሆናለች። ሚስት ትሆናለች። ምን ሆነሃል ያለህ የድሮ ጓደኛህ ይሆናል። እናንተ ደግሞ ምን አደረጋችሁት? ገፈተራችሁት። «ሰላሜን ነሳኝ» አላችሁ። ከንፈሩ ደምቶ ከቤታችሁ የወጣ ሰው የለም?

አለ። አሁን ስሙ የመጣባችሁ ሰው እሱ ነው። አትሽሹት።

ይህን ስላችሁ ያመማችሁ ካላችሁ፣ እሰየው። አላባብላችሁም። ያመመው ይጩህ። እኔ የምፈራው ምንም ያላመመውን ነው፤ ጥሩ ስብከት ነበር ብሎ እጄን ጨብጦ የሚወጣውን። አንተ ሚስትህ እዚያ፣ አንተ እዚህ የምትቀመጠው፣ መቼ ነው መለያየት የጀመራችሁት? አታስታውሰውም። ዛሬ ሄደህ በረደኝ በላት። እንዲሁ ነው የምትላት፣ ሌላ ንግግር አታሰናዳ። ወንድሙን የተወውም ይደውልለት፤ በረደኝ ይበለው። እግዚአብሔርንም እንዲሁ በሉት። እሱ አቅፎ የሚያሞቀው በረደኝ ያለውን ነው፤ ሞቆኛል ያለውንማ ማን ያቅፈዋል?

አሁን እንደ ወትሮው ልትሉ አፋችሁን ስትከፍቱ አያለሁ። አሜን አትበሉኝ። እሱንም ለምዳችሁታል። ዝም ብላችሁ ተነሡና ወደ ሰዎቻችሁ ሂዱ።