በአንገቷ የበላችው ድመት

አንድ ጊዜ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ የእህል መጋዘን ውስጥ፣ ሻሼ የምትባል ጉረኛ ድመት ነበረች። «ድመት ከሰማይ ብትወረወር በእግሯ ነው የምታርፈው!» እያለች ከቆርቆሮ ቆርቆሮ ትዘላለች። አንድ ቀን አይጥ ስታሳድድ ከጣሪያው ጫፍ ተወረወረች። እውነትም በእግሯ አረፈች። ግን ከፍታው በዝቶ እግሮቿ አልቻሉትም፤ አገጯ ከድንጋይ ጋር ተላተመ። የታችኛው መንጋጋዋ መሃል ለመሃል ተሰነጠቀና ግራና ቀኙ ለየብቻ ይወዛወዝ ጀመር።

መብላት ቀረ። ውሃ እንኳ ስትጠጣ በጎን ይፈስሳል።

ወሬውን የሰማ አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ አጥሩ ስር ተጋደመ። «ካልበላች ትሞታለች፤ ከሞተች የኔ ናት» አለ። ቀበሮንም ጠርቶ፣ «እህት ዓለም፣ ነገሩን አፋጥኝልኝ፤ አንድ እግሯ ያንቺ ነው» አላት።

ቀበሮ ቅቤ በቅጠል ይዛ ከች አለች።

«አይዞሽ የኔ ቆንጆ! እኔ ወጌሻ ነኝ። አሸት አሸት ሳደርግልሽ ነገ አጥንት ትቆረጥሚያለሽ።»

ገና እጇን ስታሳርፍ ሻሼ መጋዘኑን የሚያናጋ ጩኸት ለቀቀች። ከጋሪው ተፈትቶ የቆመው አህያ እየጋለበ መጣ።

«አንቺ! የተሰነጠቀ አጥንት ይታሻል እንዴ? ሊጥ መሰለሽ?»

«አቦ አታካብድ! ሲያምም ነው የሚድነው።»

«ወግጂ፣ እርግጫ ሳላቀምስሽ!»

አህያው ሻሼን በጀርባው ጭኖ ጫካው ዳር ወደምትኖረው ወደ እመት ጦጣ ወሰዳት። ጦጣ ቁስል ቀዳጅም ሰፊም ናት፤ ጣቷ ቀጭን፣ ምላሷ ስለታም። ሻሼን እንዳየች ግን መንጋጋውን ትታ አፍንጫዋን መመርመር ያዘች።

«እመት ጦጣ፣ የተሰበረው እኮ ታች ነው!» አለ አህያው።

«ዝም በል አንተ። ካልተነፈሰች መንጋጋ ምን ያደርግላታል?»

አፍንጫዋን የደፈነውን ደም ጠረገችላትና የሚያስተኛ ቅጠል አሸተተቻት። ሻሼ እንቅልፍ ሲጥላት፣ ጦጣ ከተጣለ ሬዲዮ ያወጣችውን ቀጭን ሽቦ አፍልታ፣ በታችኞቹ ሁለት ክራንቻዎች ዙሪያ ጠምጥማ አጠበቀችው። የተለያየው መንጋጋ ግጥም አለ። አፏንም በጨርቅ ሸብ አደረገችው። ቀጥላ አንገቷን በጎን ትንሽ ቀድዳ፣ ቀጭን ቱቦ ወደ ጉሮሮዋ አስገብታ ሰፋችው።

አህያው ዓይኑ ፈጠጠ። «በአንገት ምግብ? ቀልድሽን ነው?»

«ወተትና መረቅ በዚህ ይገባል፤ አፏ ይረፍበት።» ሻሼ ስትነቃ ጦጣ ፊቷ ተቀመጠች። «ስሚ፣ የኔን ጨርሻለሁ። ጨረቃዋ ጎድላ እንደገና እስክትሞላ ምንም አትነክሺም። አንዴ ብትነክሺ ሽቦው ይበጠሳል፣ መንጋጋሽም እንደተጣመመ ይቀራል። የቀረው ያንቺ ነው።»

አህያው ሻሼን ወደ መጋዘኑ ሲመልሳት፣ አያ ጅቦ የታሰረውን አፍ አይቶ በሳቅ ተንከባለለ። «ሞኞች! ራሳቸው በረሃብ ሊገድሉልኝ ነው!» ጓደኞቹ የሞተ በሬ አግኝተው ቢጠሩትም፣ «ሂዱ ወዲያ፣ እኔ ቀጠሮ አለኝ» ብሎ መለሳቸው። አህያው በጠዋትም በማታም በቱቦው ወተት ሲያንቆረቁር ሻሼ እየወፈረች፣ ጅቡ እየከሳ ሄደ።

«አፏ ዝግ፣ ሆዷ ሙሉ! ምን ጉድ ነው?» አለ ግራ ተጋብቶ። ቀበሮን መልሶ ላካት።

ቀበሮ አህያው ለሥራ እስኪወጣ ጠብቃ በአጥሩ ቀዳዳ ትኩስ ጉበት አስገባች።

«ነፍሴ፣ እስከ መቼ እንደ ጆንያ ታስረሽ? ጨርቁን በጥፍርሽ ፍቺውና ቅመሺ። አንዴ ብቻ! ማን ያይሻል?»

የጉበቱ ሽታ የሻሼን ጢም አንቀጠቀጠው። ጥፍሯ ብቅ አለ፤ ጨርቁን ነካ። ቆመች። ከዚያ ጥፍሯን መልሳ ሸሸገችና ቀስ ብላ ዞራ ለቀበሮ ጀርባዋን ሰጠቻት።

ጨረቃዋ ሞላች። ጦጣ ሽቦውን ቆረጠች፣ ቱቦውን አወጣች። ሻሼ እስከ ጆሮዋ አዛጋችና ወደ አጥሩ ወጣች።

«አያ ጅቦ! ቀጠሮው እንዴት ሆነ?»

ጅቡ በንዴት ተወረወረባት። እሷ ጋሪው ላይ ዘለለች፤ እሱ የጋሪውን የጎማ ብረት ነከሰ። ቋ! መንጋጋው ተሰነጠቀ።

እያለቀሰ ጦጣ ዘንድ ሄደ። አልናቀችውም፤ እንደ ሻሼ አሰረችው፣ ቱቦውንም ሰፋችለት፣ ያንኑ ምክር ነገረችው። ጅቡም ራሱን ነቅንቆ እሺ አለ። ገና ከደጇ ሳይርቅ ቀበሮ መንገድ ዳር ተቀምጣ ሌላ ትኩስ ጉበት ስታላምጥ አገኛት።

«ትቀምሳለህ አያ ጅቦ?»

ጨርቁን ቦጭቆ ጎረሰ። ሽቦው ጧ አለ። ጅቡ ከዚያ ወዲያ በአንድ ጎኑ ብቻ እያኘከ ኖረ።

ከዚህ የምንማረው የተሰበረውን መግጠም የሐኪሙ ሥራ ቢሆንም፣ እስኪጠና መታገሥ ግን የበሽተኛው የራሱ ሥራ መሆኑን ነው።